ሪሞቱ ማታ እየሠራ ጠዋት ለምን እምቢ ይላል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ቤታችን የጭቃ ቤት ነው፤ በሲሚንቶ ተለስኗል። ሪሲቨሩ ሳሎን ቡፌው ውስጥ ነው ያለው። አባቴ ወገባቸውን ስለሚያማቸው መኝታ ቤት ነው የሚውሉት። ለእሳቸው ብለን ሁለተኛ ቲቪ አስገባንና ምስሉን ከሪሲቨሩ በኬብል ወሰድንላቸው። ምስሉ ጥሩ ነው። ቻናል ለመቀየር ግን ሰው ሳሎን መሮጥ አለበት። ስለዚህ ባለ ሽቦ የሪሞት ማራዘሚያ ገዛሁ። ዓይኑን መኝታ ቤት ቲቪው አናት ላይ አስቀመጥኩት፤ ፊቱ ወደ መስኮቱ ነው። መብራት የሚያገኘው ከሪሲቨሩ ዩኤስቢ ነው። ጠዋት ከ2 እስከ 5 ሰዓት ጨርሶ አይሠራም፤ የማራዘሚያው ትንሿ መብራት ዝም ብላ ትርገበገባለች። ከሰዓት ይሻለዋል። ማታ አምፖሉ ሲበራ ይንቀራፈፋል፣ አምፖሉን ስናጠፋ ልክ ነው። ሪሲቨሩን በሪሞት ካጠፋነው ደግሞ ከመኝታ ቤት መልሰን ማብራት አንችልም። የሪሞቱን ድንጋይ ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ። ጎረቤቴ የጭቃ ግድግዳው ሲግናሉን እየመጠጠው ነው አለኝ። የሸጠልኝ ሰው ደግሞ ጨምረህ በሬዲዮ የሚሠራውን ግዛ ይላል። ልግዛ?»

ምላሽ፦ አይግዙ። የገዙት ዕቃ አልተበላሸም። ግድግዳውም በዚህ ነገር የለበትም። ድንጋዩንም ከእንግዲህ አይቀይሩ። ጥያቄዎ ላይ የረዳኝ ሰዓቱን መጻፍዎ ነው። «ጠዋት ከ2 እስከ 5 ሰዓት»፣ «አምፖሉ ሲበራ»፣ «ሪሲቨሩን ካጠፋነው» ብለዋል። እነዚህ አንድ ችግር አይደሉም። ሦስት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። አንድ ዕቃ ላይ ስለተገናኙ ነው አንድ የመሰሉት። ሦስቱም ያለ ብዙ ወጪ ይፈታሉ።

መጀመሪያ ሪሞት የሚልከው ምን እንደሆነ እንግባባ። ጎረቤትዎ የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። «ሲግናል» ሲባል የሞባይል ኔትወርክ ዓይነት ነገር ይመስለናል፤ ግድግዳ አልፎ የሚሄድ፣ ወፍራም ግድግዳ ሲያጋጥመው የሚደክም። የሪሲቨር ሪሞት የሚልከው ግን ብርሃን ነው። ኢንፍራሬድ ይባላል። የሞገዱ ርዝመት አብዛኛውን ጊዜ 940 ናኖሜትር አካባቢ ነው። የሰው ዓይን የሚያየው እስከ 700 ናኖሜትር ግድም ስለሆነ እኛ አናየውም። ጠባዩ ግን የባትሪ ብርሃን ጠባይ ነው። ግድግዳ ላይ ባትሪ ቢያበሩ በወዲያኛው ክፍል አይታይም። ጭቃ ሆነ ብሎኬት ለውጥ የለውም። በመስታወት ያልፋል፣ በእንጨት አያልፍም፣ ነጭ ግድግዳ ላይ ደግሞ ነጥሮ ይመለሳል። ስለዚህ የጭቃ ግድግዳው የመጠጠው ነገር የለም። ድሮም የሚያልፍ ነገር አልነበረም። ሽቦውን የገዙትም ለዚሁ ነው።

የገዙት ማራዘሚያ የሚሠራው እንዲህ ነው። መኝታ ቤት ያለው ዓይን ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይረዋል። ሽቦው ያንን ይዞ ግድግዳውን ያልፋል። ትንሿ ሳጥን ታጎለብተዋለች። መጨረሻ ላይ ጫፉ ላይ ሚጢጢ አምፖል ያለው ሽቦ አለ፤ ላኪ እንበለው። እሱ መልሶ ወደ ብርሃን ይቀይርና ሪሲቨሩ ላይ ያበራል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። ማራዘሚያው የሪሞቱን ቋንቋ አያውቅም። ማርካው ምን እንደሆነ፣ የትኛው ቁልፍ እንደተነካ ግድ የለውም። እንደ ገደል ማሚቶ የሰማውን ይደግማል። ብዙ ሰው «ለኔ ሪሲቨር የሚሆን ማራዘሚያ» ብሎ ሱቅ ለሱቅ ይንከራተታል፤ አያስፈልግም። ግን ልብ ይበሉ፤ ገደል ማሚቶ ጫጫታም ከሰማ ጫጫታውን ይደግማል። የእርስዎ ትንሽ መብራት ማንም ሪሞት ሳይነካ የምትርገበገበው ለዚህ ነው። ዓይኑ አንድ ነገር እያየ ነው።

ታዲያ ዓይኑ የሪሞትን ብርሃን ከሌላው ብርሃን በምን ይለያል? በፍጥነት ነው። ቁልፍ ሲጫኑ ሪሞቱ ብርሃኑን ዝም ብሎ አያበራውም። በሰከንድ 38 ሺህ ጊዜ ገደማ እያበራ ያጠፋዋል። አንዳንዱ ማርካ 36 ሺህ ወይም 40 ሺህ ይጠቀማል፤ ማራዘሚያዎች ብዙውን ጊዜ ይህን ሁሉ ይቀበላሉ። ዓይኑ የተሠራው በዚህ ፍጥነት የሚርገበገበውን ለይቶ እንዲሰማ ነው። ገበያ መሃል ሆና የልጇን ድምፅ እንደምትለይ እናት ማለት ነው። ሌላው ድምፅ እንዳለ አለ፣ እሷ የምትሰማው ግን የልጇን ነው። ይህ ችሎታ ግን ልክ አለው።

አሁን ወደ ጠዋቱ ችግር እንምጣ። መስኮትዎ ወደ ምሥራቅ ነው። አልነገሩኝም፤ ሰዓቱ ነገረኝ። ከ2 እስከ 5 ሰዓት ፀሐይ ቀጥ ብላ ቤት ውስጥ ትገባለች። ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሰማዩ ከጠራ ፀሐዩ ኃይለኛ ነው። የፀሐይ ብርሃን ውስጥ ደግሞ ኢንፍራሬድ በብዛት አለ። ፀሐይ እንደ ሪሞት አትርገበገብም፤ ግን ብዛቷ ዓይኑን ያጥበረብረዋል። በጠራራ ፀሐይ የበራ ኩራዝ ይታይዎታል? ለዓይኑም የአባትዎ ሪሞት እንደዚያ ኩራዝ ነው። ከሰዓት ፀሐይዋ ወደ ሌላው ወገን ስትዞር የሚሻለውም ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «መጋረጃውን ዝጉት» ይላል። እኔ አልልም። አባትዎ ቀኑን ሙሉ እዚያ ክፍል ነው የሚውሉት። የደብረ ማርቆስን ጠዋት ብርድ እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ፀሐዩ ይግባላቸው። የሚነሳው ዓይኑ ነው።

ከቲቪው አናት ላይ ያውርዱት። ፊቱን ወደ መስኮቱ ያደረገ ዓይን ሁልጊዜ ይቸገራል። ቲቪው የተቀመጠበት ጠረጴዛ ሥር፣ ወይም ጎኑ ላይ ጥላ ያለበትን ቦታ ይፈልጉ። ከዚያ ቆብ ይሥሩለት። ቀላል ነው። የሻይ ወይም የመድኃኒት ካርቶን ይቁረጡና የአውራ ጣትዎን ውፍረት በሚያህል ቱቦ ይጠቅልሉት። ርዝመቱ 5 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። በውስጥም በውጭም ጥቁር ናስትሮ ያልብሱት፤ የውስጡ ጥቁረት ብርሃን እንዳይነጥር ያደርጋል። ዓይኑን ከኋላ ያስገቡትና ቱቦውን ወደ አልጋው ያዙሩት። አሁን ዓይኑ መስኮቱን አያይም፣ ጣሪያውን አያይም። የሚያየው አልጋውን ብቻ ነው። ክፍሉ ውስጥ ከሌላ ቦታ ሆኖ የሚጠቀም ሰው ይቸገራል። አልጋው ግን ቦታውን አይቀይርም፤ ዕቃውም የተገዛው ለአልጋው ነው።

ከቲቪው አናት እንዲያወርዱት ያልኩት ለፀሐዩ ብቻ አይደለም። ኋላቸው በቀጫጭን የፍሎረሰንት ቱቦ የሚበራ የቆዩ ጠፍጣፋ ቲቪዎች ራሳቸው ኢንፍራሬድ ይረጫሉ። በተለይ ተከፍተው እስኪሞቁ ድረስ ባሉት የመጀመሪያ ደቂቃዎች ይብሳል። የእርስዎ ከእነዚያ ከሆነ አንድ ክንድ ያህል ማራቅ ብቻ ለውጥ ያመጣል።

የማታው ችግር አምፖሉ ነው። መኝታ ቤት ያለው ጥምዝምዙ ቆጣቢ አምፖል ይመስለኛል፤ ወይም ሸምበቆ መብራት። ቆጣቢ አምፖል ለእኛ ዓይን ረግቶ የበራ ይመስላል። ውስጡ ያለው ሰርኪት ግን በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ ያርገበግበዋል። አንዳንዱ ከሪሞቱ 38 ሺህ ጋር ጎረቤት ነው። ስለዚህ ፀሐይ በብዛቷ ስታሸንፍ አምፖሉ የልጁን ድምፅ አስመስሎ ይጠራል ማለት ነው። ዓይኑ ግራ ይገባዋል። ለዚያ ነው ጨርሶ ከመቆም ይልቅ የሚንቀራፈፈው፤ አንዳንዱ ትእዛዝ ያልፋል፣ አንዳንዱ ይበላሻል። አምፖሉን በሌላ ይቀይሩ። ደህና የኤልኢዲ አምፖል ብዙ ጊዜ ይገላግላል። ብዙ ጊዜ ያልኩት በምክንያት ነው። እጅግ ርካሽ የሆኑት ኤልኢዲዎች ውስጣቸው ያለው ማብሪያ ሰርኪት ስለሚረብሽ ያው ችግር ሊመለስ ይችላል። ከሱቅ ሲወስዱ ካልሆነ እንደሚመልሱ ተነጋግረው ይውሰዱ። ቆቡ ራሱም ይረዳል፤ አምፖሉ ጣሪያ ላይ ነው፣ ቆቡ ደግሞ ጣሪያውን ከልሎታል።

ይህን ሁሉ በግምት እንዳይሠሩት። እጅዎን ይጠቀሙ። መብራቷ ስትርገበገብ ዓይኑን በመዳፍዎ ግጥም አድርገው ይክደኑት። ርግብግቡ ከቆመ ችግሩ ከውጭ የሚገባ ብርሃን ነው፤ የቀረው ከየት እንደሚገባ መፈለግ ነው። አንዱን አምፖል ያጥፉ፣ ቲቪውን ያጥፉ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ይከልሉ፤ በአንድ ጊዜ ግን አንድ ነገር ብቻ። ዓይኑ ተከድኖም የሚርገበገብ ከሆነ ብርሃኑ ጋ አይሂዱ። ወይ ሽቦው ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር ተጠጋግቶ ሄዷል፣ ወይ መብራት የሚሰጠው ቻርጀር መናኛ ነው፣ ወይ ዓይኑ ራሱ ሞቷል።

የእርስዎ አይደለም፣ ግን ብዙ ሰው የሚያጋጥመው አንድ ሌላ ነገር አለ። ዓይኑና ላኪው አንድ ክፍል ውስጥ ከሆኑ፣ ለምሳሌ ሪሲቨሩ የተዘጋ የእንጨት ቁምሳጥን ውስጥ ሆኖ ዓይኑ ከቁምሳጥኑ ውጭ ከሆነ፣ ላኪው ያበራውን ዓይኑ መልሶ ያየዋል። ያየውን ይልካል፣ የላከውን ያያል። ማለቂያ የለውም። ይህ መሆኑን ለማወቅ ላኪውን ከሳጥኗ ይንቀሉት። ርግብግቡ ወዲያው ካቆመ ዙር ውስጥ ገብቷል። መድኃኒቱ ላኪው ላይ ከላይ ጥቁር ናስትሮ መለጠፍ ነው። ብርሃኑ ወደ ሪሲቨሩ ብቻ ይሄዳል።

ሦስተኛው ችግርዎ ከብርሃን ጋር አይገናኝም። ማራዘሚያውን የሰኩት ሪሲቨሩ ዩኤስቢ ላይ ነው። ብዙ ሪሲቨሮች በሪሞት ሲጠፉ ዩኤስቢያቸውን አብረው ያጠፋሉ። ሪሲቨሩ ተኛ፣ ማራዘሚያውም አብሮ ተኛ። ታዲያ አባትዎ «ተነስ» ሲሉት ትእዛዙን ማን ያድርስ? ለማራዘሚያው የራሱን ምንጭ ይስጡት። 5 ቮልት የሚሰጥ ተራ የሞባይል ቻርጀር ይበቃዋል፤ የሚጠቀመው ኃይል ትንሽ ነው። ግን ከመሰካትዎ በፊት ሳጥኗ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። 12 ቮልት የሚፈልጉ ማራዘሚያዎችም አሉ። 5 ቮልት የሚፈልገውን 12 ላይ ከሰኩት በአንድ ጊዜ ይቃጠላል፤ ጥገናም የለው። ቻርጀሩንና ሪሲቨሩን አንድ ዲቫይደር ላይ ያድርጓቸው። መብራት ሲጠፋ ዲቫይደሩን ያጥፉት። ዕቃ የሚያቃጥለው መብራቱ ተመልሶ ሲመጣ የሚያመጣው ግፊት ነው።

አሁን ሳሎን እንግባ። ላኪው በትክክል ካልተቀመጠ መኝታ ቤት የሠሩት ሁሉ ከንቱ ነው። ላኪውን ሪሲቨሩ ፊት ላይ የሆነ ቦታ መለጠፍ አይበቃም። ሪሲቨሩም የራሱ ዓይን አለው፤ ፊት ለፊቱ ካለው ጥቁር ፕላስቲክ ኋላ ተደብቋል። የስልክዎን ባትሪ አብርተው በጎን በኩል አስጠግተው ይመልከቱ። ከፕላስቲኩ ኋላ ምስር የምታህል ክብ ነገር ትታያለች። እሷ ናት። ላኪውን እዚያ ላይ ያድርጉት፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይክደኗት። ከተከደነች ሳሎን ያለው ሰው ሪሞት አይሠራለትም። ትንሽ ወደ ጎን ያድርጉት። ላኪው በጣም ተጠግቶ ሪሲቨሩ አንድን ቁልፍ ሁለት ጊዜ እንደተጫኑት ከቆጠረም አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ማራቅ ያስተካክለዋል። ማጣበቂያው አቧራ ላይ አይዝም። መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት።

ቡፌ ውስጥ ነው ስላሉ አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ጊዜ ፍኖተ ሰላም «ሪሲቨሩ ሞተ» ተብዬ ሄድኩ። ቡፌው መስታወት አለው፣ መስታወቱ ንጹሕ ነው። ሪሲቨሩ አናት ላይ ግን በእጅ የተሠራ ነጭ ዳንቴል ተነጥፎበታል። የዳንቴሉ ዘርፍ ወደ ፊት ወርዶ ዓይኑን ሸፍኖታል። ከፍ ሳደርገው ሪሞቱ ሠራ። የቤቱ እናት እዚያው ቁጭ ብለው ዘርፉን በመርፌ ወደ ኋላ ሰፉት። ዳንቴሉ በሌላ በኩልም ይጎዳል። ሪሲቨር አናቱ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ሙቀት ማስወጫ ናቸው። ሲሸፈኑ ዕቃው ይግላል፣ ዕድሜው ያጥራል። የእናንተም ሪሲቨር ላይ ዳንቴል ካለ ቲቪው ጠረጴዛ ላይ አሳምሩበት፤ ሪሲቨሩን ተዉት።

ሁሉን አስተካክለው አሁንም ካልሠራ ብርሃኑ የት ላይ እንደቆመ በስልክ ካሜራ ማየት ይቻላል። የስልኩን የፊት ካሜራ ይክፈቱ። የኋላው ኢንፍራሬድን የሚከለክል ማጣሪያ ስላለው ብዙ ጊዜ አያሳይም። ሪሞቱን ወደ ካሜራው አዙረው ቁልፍ ይጫኑ። ስክሪኑ ላይ ነጣ ያለ ወይን ጠጅ ብርሃን ብልጭ ብልጭ ይላል። ካላለ ያን ጊዜ ስለ ድንጋይ ማውራት ይቻላል። ካለ ሪሞቱ ደህና ነው። ቀጥሎ አንድ ሰው መኝታ ቤት ሆኖ ሪሞቱን ወደ ዓይኑ ይጫን። እርስዎ ሳሎን ሆነው ካሜራውን ላኪው ላይ ያድርጉ። ላኪው ብልጭ ካለ እስከዚያ ድረስ ያለው መስመር ሁሉ ጤነኛ ነው፤ የቀረው የላኪው አቀማመጥ ብቻ ነው። ብልጭ ካላለ ችግሩ ከዓይኑ እስከ ላኪው ባለው መንገድ ነው። ይህን ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ሙከራ ሳያደርግ ማንም ዕቃ አይቀይር።

መንገዱ ላይ በብዛት የሚበላሸው መሰኪያው ነው። የዓይኑንና የላኪውን መሰኪያ አጠገብ ለአጠገብ ይዘው ይመልከቷቸው። ሁለቱም የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ይመስላሉ። የዓይኑ ብረት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጥቁር ቀለበት አለ፤ ሦስት ሽቦ ስለሚይዝ ነው። የላኪው አንድ ቀለበት ይበቃዋል፤ ሁለት ሽቦ ነው። ቦታ አቀያይረው ከሰኩ አይሠራም። ሽቦ ማስረዘም ከፈለጉም ይህን ያስታውሱ። ለዓይኑ ባለ ሁለት ቀለበት የኦዲዮ ማራዘሚያ ይግዙ፤ ባለ አንዱ ሽቦ ስለሚጎድለው ዓይኑ አይሠራም። ሽቦ ቆርጦ መቀጠል ግድ ከሆነ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ብቻ አይበቃም፤ እርጥበት ሲገባው ይዝጋል። የጥገና ባለሙያ ይበይድልዎ። ደግሞም ከሌላ ማራዘሚያ የተረፈ ዓይን አምጥተው በዚህኛው ሳጥን ላይ አይሰኩ። መሰኪያው ቢገጥምም የሽቦዎቹ ቅደም ተከተል ከማርካ ማርካ ይለያያል፤ ሊቃጠል ይችላል። ሽቦውን ሲዘረጉ ከ220 ቮልቱ መስመር ጋር በአንድ ቱቦ ውስጥ በፍጹም አያሳልፉት። ለሥራውም ለሕይወትዎም መጥፎ ነው።

አሁን ሻጩ ወዳለው። በሬዲዮ የሚሠራው ማራዘሚያ መጥፎ ዕቃ አይደለም። ብርሃኑን ተቀብሎ በሬዲዮ ሞገድ፣ ብዙውን ጊዜ 433 ሜጋኸርዝ ላይ፣ ግድግዳ አሳልፎ በዚያኛው ክፍል መልሶ ብርሃን ያደርገዋል። ሽቦ መዘርጋት ለማይቻልበት ቤት ጥሩ ነው። ግን መጀመሪያ ላይ የሚቀበለው ያው ብርሃን ተቀባይ ዓይን ነው። የእርስዎ ችግር ዓይኑ ላይ ነው። ፀሐይ ይህኛውን ዓይን ካጥበረበረች ያኛውንም ታጥበረብረዋለች። ስለዚህ ሌላ ገንዘብ ከፍለው ያንኑ ጠዋት ያገኛሉ። በዚያ ላይ የክፍሉ መለያ ግድግዳ ቆርቆሮ ከሆነ የሬዲዮ ሞገዱ ይቸገራል፤ ብረት ይመልሰዋል። ጎረቤትም ያንኑ ዓይነት ዕቃ ከገዛ የእሱ ሪሞት የእናንተን ቤት ሊነካካ ይችላል። በዋይፋይ ከስልክ የሚታዘዙም አሉ። ለአባትዎ አልመክረውም። ራውተር፣ ስማርት ስልክና አፕሊኬሽን ይፈልጋል፤ ብዙዎቹ የሚሠሩትም በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው። ሪሞት የለመደ እጅ ላይ አዲስ ጣጣ ማምጣት ነው።

ምንም መግዛት ለማይችል ሰው የፊት መመልከቻ መስታወትም አንድ መላ ነው። ብርሃን ስለሆነ በመስታወት ይነጥራል። ከአልጋ ሆነው በመስታወቱ ውስጥ ሪሲቨሩ የሚታይዎት ከሆነ ሪሞቱም ይደርሳል። በሩ ግን ክፍት መዋል አለበት። በእናንተ ብርድ አይሆንም።

አንድ ነገር ግን ማራዘሚያው በምንም አያደርግልዎትም፤ ሳይነግሩዎት ሸጠውልዎት ይሆናል። ሪሲቨሩ አንድ ነው። አባትዎ ወደ ዜና ሲቀይሩ ሳሎን ኳስ የሚያየውም ሰው ዜና ይገባለታል። በዚህ የተነሳ ቤት ውስጥ ቅሬታ ካለ ወይም ከመጣ፣ መልሱ የተሻለ ማራዘሚያ አይደለም። መልሱ ሁለተኛ ሪሲቨር ነው። ለእሱ ሁለት መውጫ ያለው ኤልኤንቢ (ዲሹ ፊት ለፊት ያለችው ሲግናል ተቀባይ) ያስፈልጋል፤ ከእያንዳንዱ መውጫ የየራሱ ኬብል ይወርዳል። ከመጀመሪያው ሪሲቨር ኋላ ቀጥለው ሁለተኛውን እንዲያስሩ የሚመክር ሰው ይኖራል። እንደዚያ ሁለቱ ነጻ አይሆኑም። ሪሲቨሩ ኤልኤንቢውን የሚያዘው በ13 ወይም በ18 ቮልት ነው። አንዱ 18 ሲል ሌላው 13 ማለት አይችልም። ስለዚህ ሁለተኛው ቲቪ አንዳንድ ቻናል ሊያጣ ይችላል። ሁለት ሪሲቨር ካለ ደግሞ ማራዘሚያው ራሱ አያስፈልግም።

አባትዎ ያሉት ግቢ ውስጥ ባለው ሰርቪስ ቤት ቢሆን ኖሮ ምክሬ ይለይ ነበር። ግቢ የሚያቋርጥ ረጅም ሽቦ አልወድም። የጎጃምን ክረምት ያውቁታል፤ መብረቁ ቀልድ አያውቅም። በቅርብ መብረቅ ሲወድቅ ረጅም ሽቦ ግፊት ይሰበስባል፣ ሁለቱንም ቲቪና ሪሲቨሩን ይዞ ይሄዳል። እንዲህ ላለ ቤት ሰርቪሱ ውስጥ የራሱን ሪሲቨር ማስገባት ይሻላል። የእናንተ ሽቦ ቤት ውስጥ ስለሆነ ይቆይ። ነጎድጓድ ሲጀምር ግን የዲሹን ኬብል ከሪሲቨሩ፣ ስፒናውንም ከሶኬቱ ይንቀሉ። ዲሹ ውጭ ነው ያለው።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ማራዘሚያውን ከሪሲቨሩ ዩኤስቢ ነቅለው ቻርጀር ላይ ይሰኩ፣ አምፖሉን ይቀይሩ፣ ቆቡን ይሥሩ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ቤት ከገባች በኋላ፣ መጋረጃው ተከፍቶ ይሞክሩት። ግን እርስዎ ቆመው አይሞክሩት። ሪሞቱን ለአባትዎ ይስጧቸውና አልጋቸው ላይ እንዳሉ እሳቸው ይሞክሩት። ቆሞ ሪሞት የሚጫን ሰውና ተኝቶ የሚጫን ሰው እጃቸው እኩል ከፍታ ላይ አይደለም። ብርድ ልብሱም ይጋርዳል። መብራቷ ካልበራች ቆቡን በጣት በጣት ወደ እጃቸው ያዙሩት። ስትበራ እዚያው ላይ በናስትሮ ያስሩት።